ቆዳችን የታመመብን የቆላ ከተማ ወንዶች እና የሰውነታችን ልክ



ዒድ ሲቃረብ የነጌሌ ልብስ ሰፊዎች እንቅልፍ የላቸውም። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አንዱን ወጣት "ትከሻህን ዘርጋ"፣ ሌላውን "ደረትህን ንፋ" እያሉ ይለካሉ። ለአብዛኛው ሰው ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። እኛ ግን በሸሚዝ ላይ ሹራብ ደርበን ነው የምንሄደው። "አውልቀው፣ ልኩ ይሳሳታል" ሲሉን "ብርድ ነው" እንላለን፤ በነጌሌ ሙቀት! ጀለቢያችን ሁልጊዜ የሚሰፋን ለዚህ ነው። ሹራቡን ብናወልቅ ከክርናችን ላይ የሚረግፈው ነጭ ቅርፊት ሜትሩ ላይ ይቀራል።

"እኛ" ስንል በነጌሌ ቦረና፣ በፊልቱ፣ በያቤሎና በሞያሌ የምንኖር፣ ቆዳችን ለዓመታት የታመመብን ጥቂት ወንዶች ነን። አንዳንዶቻችን የተዋወቅነው በሆስፒታል ወረፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሌሎቻችን አንድ ዓይነት ቅባት ለመግዛት አንድ ፋርማሲ በር ላይ ስንገናኝ ተያየን፤ ማብራሪያም አላስፈለገን። ስማችንን አልጻፍንም፤ ከተሞቻችን ትናንሽ ናቸው፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ይህን ያዘጋጀነው ስለ ቆዳ በሽታ ሲወራ ስለ ቆዳው ብቻ ስለሚወራ ነው። ቆዳው የታመመ ሰው ሙሉ ሰውነት አለው፤ ክብደት አለው፣ ወገብ አለው፣ ክንድ አለው። በቆዳው ምክንያት ይህ ሰውነት ምን እንደሚደርስበት ግን የሚነግረን ሰው አላገኘንም፤ ይልቁንም የከተማው ሰው በየቀኑ በዓይኑ ይመዝነናል።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። በእኛ አካባቢ ቆዳ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ወይ ችፌ ነው፣ ወይ ጭርት ነው፣ ወይ ቋቁቻ ነው። ሰውየው ትንሽ ካስፈራቸው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለምጥ ወይም ሥጋ ደዌ ይላሉ። የአብዛኞቻችን በሽታ ግን ሐኪሞች ሶሪያሲስ የሚሉት ነው። የጤነኛ ሰው ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ያህል ይወስዳል። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ቆዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህንኑ ያደርጋል፤ አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደርሳል፣ ይደራረባል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይሆናል። ምክንያቱ ከጀርም ሊከላከልልን የተፈጠረው የሰውነታችን ኃይል በስህተት የገዛ ቆዳችንን ማወክ መጀመሩ ነው። ክርን፣ ጉልበት፣ የራስ ቅል እና የጀርባ ታችኛው ክፍል የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። በነጭ ሰው ቆዳ ላይ ቀይ ይመስላል፤ መጽሐፍት ላይ ያለው ፎቶም ይኸው ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላል፤ ስለዚህ ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

አይተላለፍም። በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ ከአንድ ሳህን በመብላት አይተላለፍም፣ በመስጊድ ምንጣፍም አይተላለፍም። ይህንን ሦስት ጊዜ ብንጽፈው ደስ ይለናል። የዓለም የጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2014 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጉባኤ ሶሪያሲስ ሥር የሰደደ፣ የማይተላለፍ፣ የሚያሠቃይ በሽታ መሆኑን ተቀብለው ውሳኔ አሳልፈዋል። እስካሁን ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም፤ የሚያስታግሰው ግን አለ፣ ያውም ብዙ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ።

ጤና ተቋም ስንሄድ መጀመሪያ የምንቆመው ሚዛን ላይ ነው። ከዚያ ቁመታችን ይለካል። ባለሙያው ኪሎውን ለቁመት (በሜትር) ያካፍላል፣ ውጤቱን እንደገና ለቁመት ያካፍላል፤ ከ18.5 በታች ከሆነ "ከሲታ"፣ ከ25 በላይ ከሆነ "ከልክ ያለፈ" ይባላል። ይህን ስሌት ያመጣው ኬትሌ የሚባል የቤልጂግ ሰው ነው፤ ጊዜው 1832 እ.ኤ.አ. ገደማ ነበር። ሐኪም አልነበረም፤ የከዋክብትና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር፣ የሚፈልገውም "አማካዩን ሰው" ማግኘት ነበር። አማካዩን ሰው የፈለገው ደግሞ በአውሮፓውያን መካከል ነው። የኛ አገር አርብቶ አደር፣ ቦረናውም ሶማሌውም፣ እግረ ረጅምና አካለ አጭር የሆነው ብዙ ነው። ቁመቱ እግሩ ላይ ነው ያለው፤ እግር ደግሞ ከሆድና ከደረት ይልቅ ቀላል ነው። ስለዚህ ሳይራብ፣ ሳይታመም፣ ስሌቱ "ከሲታ" ይለዋል።

ይህ የእኛ የብሽቀት ወሬ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት የአርብቶ አደር ልጆች የሰውነት ቅርጽ ከገበሬ ልጆች የተለየ በመሆኑ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር ብቻ የሚያነጻጽረው መለኪያ የተጎዱትን ቁጥር እንደሚያበዛ፣ የክንድ ዙሪያ መለኪያው ግን በዚህ ያን ያህል እንደማይታለል አሳይቷል። የክንዱን መለኪያ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲቀርብን፣ ከብቱ ሲያልቅ፣ የጤና ሠራተኞች ያንን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሪቫን ይዘው በየመንደሩ የታናናሾቻችንን ክንድ ሲለኩ አይተናል። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው። እናቶች ቁጥሩን ባያነቡም ቀለሙን ያነቡ ነበር።

ይህን ያመጣነው አንድ ነገር ለማስረዳት ነው። ቆዳው የታመመ ቀጭን ወጣት ሚዛን ላይ ቆሞ "ከሲታ ነህ" ሲባል፣ የሚሰማው ስለ ቁጥሩ አይደለም። ሰፈሩ አስቀድሞ ፍርድ ሰጥቶታል። ቆዳው ተላልጧል፣ ቀጥኗል፣ እንግዲህ "ያ" በሽታ ነው፣ ተብሏል። የምን በሽታ እንደሆነ ስም አይጠሩም፤ አንገታቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ስለዚህ ያ ወጣት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቆዳው እንዲጠራ፣ ሰውነቱ እንዲሞላ። በገበያ ላይ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት የሚያደርግ ኪኒን አለ።

ከመካከላችን ስላለ አንድ ወንድም እንንገራችሁ፤ ፈቅዶልናል። ቁመቱ 1.82 ነው፣ ክብደቱ 58 ኪሎ ነበር። ስሌቱ 17.5 ይሰጣል። ሶሪያሲሱ ጀርባውንና ሁለት ክርኖቹን ይዞታል። ኒካሕ ሊታሰር ነበር። ከአንድ መድኃኒት ቤት፣ ያለ ማዘዣ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ ሳይነግሩት፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ትናንሽ ነጫጭ ፍሬዎች ሰጡት። "ለቆዳም ይሆናል፣ ያወፍርማል" ነው ያሉት። ውሸት አልነገሩትም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በአምስት ቀን ማሳከኩ ቆመ። በሁለት ሳምንት ቅርፊቱ ረገፈ። በአራት ወር 75 ኪሎ ገባ። ስሌቱ አሁን 22.6 ነው፤ የየትኛውንም አገር ሐኪም ቢጠይቁት "ጤነኛ" የሚባል ቁጥር። ፊቱ ሞላ። ሰው ሁሉ "ማሻአላህ፣ አሁን ሰው ሆንክ!" አለው። እናቱ ሳይቀሩ ደስ አላቸው።

ልብሱን ሲያወልቅ ግን ሌላ ነው። ወገቡ ከ74 ሳንቲ ሜትር ወደ 97 ሄዷል፤ ጭኑና ክንዱ ግን ከበፊቱ ቀጥነዋል። ከደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከሱጁድ ሲነሳ በእጁ መሬቱን መግፋት ጀመረ፤ ዕድሜው 26 ነው። ሆዱና ብብቱ አካባቢ ሐምራዊ ሽንትር ወጣ፣ ከማጅራቱ በታች የሥጋ ጉብታ በቀለ። ሚዛኑ ይህን አያይም። ሚዛን ላይ ጡንቻም ኪሎ ነው፣ ስብም ኪሎ ነው፣ ውኃም ኪሎ ነው።

ያ ኪኒን ዴክሳሜታዞን ነበር፤ ገበያው "ዴክሳ" ይለዋል። ወንድሙ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ነው። ሁለቱም በሐኪም እጅ ነፍስ የሚያድኑ መድኃኒቶች ናቸው፤ መድኃኒቱን አንወቅስም። ከኩላሊታችን በላይ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ነገር በየቀኑ ያመነጫሉ፤ ኪኒኑ ይህንኑ በብዙ እጥፍ ይተካል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ይተኛል፣ ስለዚህ ቆዳው ይጠራል። የምግብ ፍላጎት ይከፈታል። ስቡ ከእጅና ከእግር ሸሽቶ ፊት፣ ማጅራትና ሆድ ላይ ይከማቻል። ጡንቻ ይበላል፣ አጥንት ይሳሳል፣ የደም ስኳርና ግፊት ይወጣል። ዕጢዎቹ ደግሞ "ሥራችንን ሌላ ሰው ይዞልናል" ብለው ያንቀላፋሉ።

እዚህ ላይ እባካችሁ በጥሞና አንብቡ። ይህን ኪኒን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ ዛሬ ማታ መጣል የለበትም። ያንቀላፉት ዕጢዎች በአንድ ሌሊት አይነቁም፤ በድንገት ያቆመ ሰው ሊያስታውክ፣ ግፊቱ ሊወርድ፣ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ሶሪያሲሱም ቂም እንደያዘ ሰው ነው የሚመለሰው፤ አንዳንዴ መላ ሰውነትን አቅልቶ፣ አንዳንዴ መግል የቋጠሩ ነጠብጣቦች አውጥቶ። በዚህ ሁኔታ ቆዳ ሙቀትም፣ ውኃም፣ ፕሮቲንም መያዝ ስለሚያቅተው ሰውየው አልጋ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ለሶሪያሲስ ይህ ኪኒን እንዲሁ የማይታዘዘው። መቀነስ ያለበት ሐኪም በሚሰጠው ልክ፣ ቀስ በቀስ ነው።

"ያወፍራል" ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ውስጥ ይህ እንዳለ ጠርጥሩ። የቆላ ከተማ ልጃገረዶችም ለሠርግ ይገዙታል ይባላል፤ እህቶቻችንም ያንብቡት።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንበል፤ ምክንያቱም ኪኒን ሳይነኩ የወፈሩም በመካከላችን አሉ። ሶሪያሲስ ቆዳ ላይ የሚታይ ይሁን እንጂ እሳቱ ውስጥም አለ። ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ የከበደባቸው፣ ከሌላው ሰው በበለጠ በስኳር፣ በግፊትና በልብ በሽታ እንደሚጠቁ ከታወቀ ቆይቷል። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጆንያ አይደለም፤ ያንኑ የሚያቃጥል መልእክት ወደ ደም ይልካል። ስለዚህ ቦርጭ ቆዳውን ያብሳል፣ ቆዳው ያሳፍራል፣ ኀፍረቱ ቤት ያስቀምጣል፣ ቤት መቀመጥ ቦርጩን ይጨምራል። ክብደታቸውን የቀነሱ ወፍራም ታማሚዎች ቆዳቸው መሻሻሉ፣ መድኃኒቱም በተሻለ ሁኔታ እንደሚሠራላቸው በተደጋጋሚ ታይቷል።

ቤት ስንቀመጥ ምን እንደምናደርግ ደግሞ ለከተማ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ከቀትር በኋላ መቃም፣ ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ሲጋራ። የጫትን ሑክም ለዑለማዎቻችን እንተወው፤ እኛ የምናወራው ስለ ወገብ ነው። ምርቃናው የምግብ ፍላጎትን ዘግቶ ይውላል፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ትሪ ፓስታ ይበላል፣ ከዚያ መኝታ። ሲጋራው ደግሞ ራሱን ችሎ ሶሪያሲስን ያባብሳል። አባቶቻችን በዚሁ ሙቀት የግመል ወተት ጠጥተው ከብት ተከትለው ቀኑን ሙሉ ይሄዱ ነበር። እኛ ባጃጅ ከቤት እስከ መስጊድ!

የወገብን ነገር ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። አንድ ሲባጎ ውሰዱ። ከእግር ጥፍራችሁ እስከ ራስ ቅላችሁ ባለው ቁመት ልክ ቁረጡት። ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ እምብርታችሁ አካባቢ ሆዳችሁን ዙሩበት፤ ሆድ ሳትስቡ፣ አየር አስወጥታችሁ። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ደህና ናችሁ። ካልተገናኘ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል ማለት ነው። እግረ ረጅም ሆናችሁ ሚዛኑ "ቀጭን" ቢላችሁም ሲባጎው ሊከራከር ይችላል። የወንድማችን ቁመት 182 ነው፣ ግማሹ 91፤ ወገቡ 97 ነበር። በሚዛኑ ስሌት ጤነኛ፣ በሲባጎው ታማሚ።

በጂም ለሚሠሩ ወንድሞች አንዲት ነገር ብቻ፦ ሶሪያሲስ የተላጠ፣ የተፋተገ፣ የተጫረ ቦታ ላይ አዲስ መውጣት ይወዳል። ብረቱ መዳፍን ሲፍቅ፣ ጠባብ ካናቴራ ብብትን ሲፈትግ ይቀሰቀሳል። ሥራውን አታቁሙ፤ ሰፋ ያለ ጥጥ ልበሱ፣ ላቡን ቶሎ ታጠቡ፣ ቫዝሊን ተቀቡ።

ስለ ልብስ ካነሳን የምንወደውን ሐዲሥ እናንሳ። ሐር ለወንድ ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ግን ሰውነታቸውን ያሳክካቸው ስለነበር ነብዩ (ሶ.ዐ.ወ.) የሐር ቀሚስ እንዲለብሱ ፈቀዱላቸው፤ አነስ (ረ.ዐ.) አውርተውታል፣ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እስቲ አስቡት፣ ሁለቱም ጀነት ከተመሰከረላቸው ከዐሥሩ ናቸው። ቆዳቸው አሳከካቸው፤ ደብቀውም አልተቀመጡም፣ ለነብዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ችግራቸው ታወቀ፣ ቆዳቸውን የሚያሳርፍ ልብስ ተፈቀደላቸው። "ታገሡ፣ ፈተና ነው" ብቻ ተብለው አልተመለሱም። ዛሬ አንዳንዱ ኡስታዝ ለታመመ ወጣት ሰብር ብቻ ሲያዝለት ይህን ሐዲሥ እናስታውሳለን።

ደግሞ ዑወይስ አል ቀረኒ አሉ። ዑመር (ረ.ዐ.) ከየመን ጦር በመጣ ቁጥር "ዑወይስ ከመካከላችሁ አለ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሲያገኟቸው ያረጋገጡት በምን ነበር? በጎሳቸው፣ ለእናታቸው በነበራቸው በጎነት፣ እንዲሁም በቆዳቸው። ለምጥ ነበረባቸው፣ ከአንድ ዲርሀም ከምታህል ቦታ በቀር ድነዋል። ያቺ አንዲት ሳንቲም የምታህል ምልክት ከቆዳቸው ላይ ቀርታ የእውቅና ምልክታቸው ሆነች፤ ኸሊፋውም አላህ ምሕረት እንዲያደርግላቸው እንዲለምኑላቸው ጠየቋቸው። ሙስሊም ዘግበውታል። እኛ ያንን የምታህል ነጠብጣብ ለመደበቅ ነው በነሐሴም በየካቲትም እጅጌ ረጅም የምንለብሰው።

ስለ ቀጭን እግር ደግሞ የኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ይበቃናል። ሲዋክ ለመቁረጥ አራክ ዛፍ ላይ ወጡ፤ እኛ ዘንድ ሶማሌዎቹ ዐደይ የሚሉት መሆኑ ነው፣ ቆላችን ሞልቶታል። ነፋስ ልብሳቸውን ገለጠው፣ ባታቸው ታየ፣ ሰዎቹም ከቅጥነቱ የተነሳ ሳቁ። ነብዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ምን እንደሚያስቃቸው ጠየቁ፤ ሲነግሯቸው እነዚያ ሁለት እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ በአላህ ስም ምለው ነገሯቸው። ኢማሙ አሕመድ ዘግበውታል። አስተውሉ፤ ቀጭን አይደሉም አላሏቸውም። ቀጭን ነበሩ።

መስጊድ ውስጥ የሚደርስብንን እንናገር፤ ይህ ያማል። ሶፍ ሲስተካከል ትከሻ ለትከሻ፣ እግር ለእግር ነው። ከጎናችን የቆመ ወንድም ክርናችንን አይቶ ግማሽ ስንዝር ሲሸሽ እናውቃለን። ግማሽ ስንዝር ናት፤ ግን በቀን አምስት ጊዜ ናት። አንዳንዶቻችን በዚህ ምክንያት ወደ መጨረሻው ሶፍ ጥግ ሄድን፣ ከዚያ ወደ በረንዳው፣ ከዚያ ጁሙዓ ብቻ መሄድ ጀመርን። ውዱእ ላይ ደግሞ የሚያየን እንዳይኖር አዛን ሳይባል ቀድመን እንደርሳለን። ውኃ ሶሪያሲስን በራሱ አይጎዳም፤ የሚያደርቀው ከታጠቡ በኋላ ቅባት ሳይቀቡ መቅረት ነው። ቆዳው ተሰንጥቆ ደምቶ ውኃው የሚጎዳው ሰው ስለ ተየሙምና ስለ ማበስ ዓሊም ይጠይቅ፤ ዲኑ በዚህ ሰፊ ነው። ዑምራ የሚሄድ ደግሞ በጠዋፍ ጊዜ ቀኝ ትከሻ እንደሚገለጥ አስቀድሞ ይወቅ። ከእኛ አንዱ ገንዘቡን አጠራቅሞ ጨርሶ በዚህች ትከሻ ምክንያት ሦስት ዓመት አዘገየው።

ሌላ ብዙ ሰው ከቆዳው ጋር የማያያይዘው ምልክት አለ። ጥፍር ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጉድጓዶች፣ ከላይ እስከ ታች ያበጠ አንድ ጣት፣ ተረከዝ ላይ ሕመም፣ ለሱብሒ ሲነሱ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ የመገጣጠሚያ መገተር። ይህ ሶሪያሲሱ ወደ መገጣጠሚያ መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ተሸሁድ ላይ መቀመጥ ያቃተው ወጣት "ብርድ መታኝ" ብሎ ከመተው ቶሎ ይታይ፤ የተበላሸ መገጣጠሚያ ወደ ቦታው አይመለስም።

የታመመው ቆዳ ምን ያህል እንደሆነ ለመለካት አላህ መለኪያውን እጃችን ላይ ሰጥቶናል። የራሳችን መዳፍ፣ ጣቶቹን ጨምሮ፣ ከጠቅላላ ቆዳችን አንድ በመቶ ያህል ነው። ጀርባ ሦስት መዳፍ፣ ክርኖች አንድ አንድ፣ ራስ ሁለት ብላችሁ ደምሩ። ከዐሥር ካለፈ በቅባት ብቻ የሚያዝ አይደለም ማለት ነው፤ ሐኪሙ ሌላ ሕክምና ያስባል። ቅባቱም ልክ አለው፤ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ የተጨመቀ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሆኖ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃል። ክሎቤታሶል የመሰለውን ጠንካራ ቅባት ፊትና ብብት ላይ አትቀቡ፣ ቆዳ ያሳሳል። ሜቶትሬክሴት የታዘዘለት ሰው ደግሞ የሚወስደው በሳምንት አንድ ቀን እንጂ በየቀኑ አይደለም፤ በየቀኑ መውሰድ ይገድላል። ቀኑን በካላንደር ላይ ያክብብ።

ከመድኃኒቱ ሁሉ ርካሹን ግን ቆላው በነጻ ያፈሰዋል። የጠዋት ፀሐይ ለአብዛኛው ሶሪያሲስ ይጠቅማል። ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለውን ዐውራ ሸፍኖ፣ ሽርጡን ታጥቆ፣ በግቢው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ጀርባን ለፀሐይ መስጠት። በጥቂቱ ይጀመር፣ አያቃጥል፤ የተቃጠለ ቆዳ ይብስበታል። እጅጌ ረጅም ለብሰን በዚህች ፀሐይ ምድር ላይ ፀሐይ የተራብነው እኛው ነን።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ምን ይዛችሁ ትሄዱ? መጀመሪያ ነጌሌ ሆስፒታል ወይም በየከተማችሁ ያለው ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላችሁ አዲስ አበባ አለርት ልትደርሱ ትችላላችሁ። አለርት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው፤ "ዘነበወርቅ ሄደ" መባልን ፈርቶ ያልሄደ ሰው እናውቃለን። ዛሬ ለማንኛውም ቆዳ የሚታከሙበት ነው፣ ሥጋ ደዌውም ቢሆን በመድኃኒት ይድናል። ከነጌሌ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ያን ያህል ተጉዛችሁ ባዶ እጃችሁን አትድረሱ። የወሰዳችሁትን ኪኒን ባዶ ካርቶን ወይም ቅጠል ያዙ፣ ስሙ ካልታወቀም ፍሬውን። የስድስት ወር በፊት ክብደታችሁንና የአሁኑን ጻፉ፣ ወገባችሁንም። በዕለቱ ጠዋት ቅባት አትቀቡ፣ ሐኪሙ ቆዳውን እንዳለ ይየው። ደግሞም ቶሎ የሚወልቅ ሸሚዝ ልበሱ።

ያ ወንድማችን ኪኒኑን በሐኪም ልክ እየቀነሰ አራተኛ ወሩን ይዟል። ክብደቱ ወደ 66 ወርዷል፣ ወገቡ 86 ነው፣ ፊቱ ከሳ። ክርኑ ላይ ቅርፊቱ ተመልሷል፤ አሁን የሚታከመው በቅባትና በየሳምንቱ በሚወስደው መድኃኒት ነው። በሰፈሩ "ምነው እንዲህ ተጎዳህ?" የሚለው ሰው በዝቷል። ኒካሑ ለሸዋል ተቀጥሯል። በሚቀጥለው ሐሙስ ከአጎቱ ጋር ሆኖ ቆዳውን ለልጅቷ ቤተሰብ ሊነግር ይሄዳል፤ ዱዓ አድርጉለት።